የማይታየውን ዓሣ ማጥመድ፦ የኒው ዮርክ ወደብና የባለመስመሩ ዓሣ ጉዳይ



የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት የመዝናኛ ወሬ ይመስላል። ጀልባና መርከብ በማይቋረጥበት በኒው ዮርክ ወደብ ውስጥ ትልቅና በቀላሉ የማይያዝ ዓሣ እንዴት ይጠመዳል? ይህን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። «ዓሣው የት ነው?» የሚለው የአጥማጆች ጥያቄ በአንድ ወቅት ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ሁለት ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተገመተለትን አውራ ጎዳና አስቀርቷል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ዓሣውን እንወቅ። በእንግሊዝኛ ስሙ ስትራይፕድ ባስ ይባላል፤ በጎኑ ላይ ከራሱ እስከ ጅራቱ በሚዘረጉት ሰባት ወይም ስምንት ጥቁር መስመሮች የተነሣ እኔ ባለመስመሩ ዓሣ እለዋለሁ። እስከ ሠላሳ ዓመት ሊኖር ይችላል። በ2011 ከወደቡ ጋር በሚገናኘው በሎንግ አይላንድ ሳውንድ የተያዘው 37 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። ካደገ በኋላ አብዛኛውን ጊዜውን በባሕር ያሳልፋል፤ እንቁላሉን የሚጥለው ግን በጨው አልባ ውኃ ነው። ስለዚህ በጸደይ ከአትላንቲክ ተነሥቶ በወደቡ በኩል የሐድሰንን ወንዝ ሽቅብ ይወጣል፤ እንቁላሉን ጥሎ ይመለሳል። በመከር ደግሞ መንሃደን የሚባሉትን ትንንሽ ዓሦች መንጋ እያሳደደ ዳግመኛ ወደ ወደቡ ይቀርባል። እንግዲህ ወደቡ ለእርሱ በር ነው፤ ሚሊዮኖች በሚኖሩባት ከተማ መካከል የተከፈተ በር።

በዚህ በር ብዙ ዓሣ እያለፈ ለመያዝ ለምን ያስቸግራል? ምክንያቱ ዓሣው ጥቂት መሆኑ ሳይሆን ውኃው ዕረፍት የሌለው መሆኑ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ በማንሃተን ደቡባዊ ጫፍ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በአማካይ 1.4 ሜትር ያህል ነው። የሙላቱ ግፊት በሐድሰን ወንዝ ሽቅብ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እስከ ትሮይ ከተማ ይሰማል። ኢስት ሪቨር ደግሞ ስሙ ወንዝ ቢሆንም በእርግጥ ሁለት የባሕር አካላትን የሚያገናኝ መተላለፊያ ነው። በሁለቱ ጫፎቹ ሙላቱ በተለያየ ሰዓት ስለሚደርስ ውኃው አንድ ጊዜ ወደዚህ፣ አንድ ጊዜ ወደዚያ በኃይል ይፈስሳል።

በእንዲህ ያለ ፈሳሽ ውስጥ ትልቅ ዓሣ ጉልበቱን በከንቱ አያባክንም። ከድልድይ እግር፣ ከአሮጌ የመርከብ ማቆሚያ ምሰሶ ወይም ከድንጋይ ጀርባ፣ ፈጣኑና ዝግተኛው ውኃ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ሆኖ፣ ፈሳሹ ይዞለት የሚመጣውን ይጠብቃል። ስለዚህ አጥማጁ ዓሣውን ከመፈለጉ በፊት ውኃውን ያነብባል። ማጥመጃውን ከፈሳሹ በላይ ይጥልና እንደ ማንኛውም ተንሳፋፊ ምግብ ወደ ምሰሶው እንዲወርድ ይተወዋል። ውኃው በሙላትና በጉድለት መካከል ቀጥ ባለበት ሰዓት ዓሣው ብዙ ጊዜ አይበላም፤ ፈሳሹ ሲነሣ እርሱም ይነሣል።

ሁለተኛው ጉዳይ ብርሃን ነው። ትልልቆቹ በአብዛኛው ማታ ያድናሉ። የድልድይ መብራት በውኃው ላይ ሲወድቅ ብርሃንና ጥላ የሚለያዩበት መስመር ይፈጠራል፤ ትንንሾቹ ዓሦች በብርሃኑ ይሰበሰባሉ፣ ትልቁ በጥላው ጠርዝ ይቆማል። ልምድ ያለው አጥማጅ ሕያው መንሃደን ወይም ኢል የተባለውን እባብ መሰል ዓሣ በመንጠቆው ሰክቶ ከብርሃኑ ወደ ጥላው የሚያሳልፈው ስለዚህ ነው። ከተማይቱ ለራሷ ያበራችው መብራት ለዓሣው የአደን ስፍራ ሆኖለታል።

ዓሣው ሲያዝ ደግሞ ሕግ ይከተላል። ከ2021 ጀምሮ በተፈጥሮ ምግብ የሚያጠምድ ሰው ክብ መንጠቆ መጠቀም አለበት፤ ይህ መንጠቆ ሆድ ውስጥ ሳይገባ በከንፈር ጠርዝ ስለሚይዝ የሚለቀቀው ዓሣ የመትረፍ ዕድሉ ይሰፋል። በ2023 በወጣው ደንብ በባሕሩ ክፍል ይዞ መሄድ የሚፈቀደው ርዝመቱ ከ28 እስከ 31 ኢንች፣ ማለትም ከ71 እስከ 79 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚመኙት ትልቁ ዓሣ የግድ ወደ ውኃው ይመለሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንዲት ትልቅ ሴት ዓሣ በአንድ ወቅት ከሚሊዮን በላይ እንቁላል ትጥላለች።

የሚፈቀደውንም ቢሆን መብላት ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ከ1947 እስከ 1977 ድረስ በሐድሰን ላይኛው ክፍል የነበሩ ሁለት የጄኔራል ኤሌክትሪክ ፋብሪካዎች ፒሲቢ የተባለውን ኬሚካል ወደ ወንዙ ለቅቀዋል። ኬሚካሉ በደለሉ ውስጥ ይቀመጣል፣ በዓሣው ስብ ውስጥም ይከማቻል። ግዛቱ በ1976 ባለመስመሩን ዓሣ ከወንዙ አጥምዶ መሸጥን ከለከለ። እዚህ ላይ አንድ ምፀት አለ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በቼሳፒክ ወሽመጥ የነበረው ዘር ሲመናመን የሐድሰኑ ጸንቶ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ክልከላ ነው፤ ዓሣውን ከመረብ የጠበቀው መርዙ ነበር።

አሁን ወደ ፍርድ ቤቱ እንሂድ። በ1970ዎቹ ዌስትዌይ የተባለ ዕቅድ ቀረበ። በማንሃተን ምዕራባዊ ዳርቻ የሐድሰንን 80 ሄክታር ያህል ውኃ በአፈር ሞልቶ፣ አውራ ጎዳናውን ከሥሩ የሚያሳልፍ ነበር። በ1977 የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ሰነድ በአሮጌዎቹ የመርከብ ማቆሚያዎች መካከል ያለው ውኃ ሕይወት የሌለው ያህል እንደሆነ ገለጸ። ከዚያ በኋላ በክረምት ብርድ ወቅት መረብ ሲጣል የተገኘው ግን ሌላ ነበር፤ የባለመስመሩ ዓሣ ግልገሎች በብዛት በእነዚያ ምሰሶዎች መካከል ይከርሙ ነበር። ዳኛ ቶማስ ግሪሳ በ1982 የመሙላቱን ሥራ አገዱ። ክርክሩ ቀጥሎ በ1985 ዳግመኛ ፈቃዱ ሲታገድ፣ ከተማይቱ ዕቅዱን ትታ ከፌዴራሉ ገንዘብ ብዙውን ለሕዝብ ማመላለሻ አዛወረች። ዛሬ በዚያ ዳርቻ መናፈሻ አለ፤ አሮጌዎቹ ምሰሶዎችም ከውኃው ብቅ ብለው ይታያሉ።

በእርግጥ ዌስትዌይን የተቃወሙት ሁሉ ዓሣ ወዳዶች አልነበሩም። የትራፊክ፣ የገንዘብና የአየር ብክለት ክርክሮችም ነበሩ። በሕግ ፊት የጸናው ግን ያ በመረብ የወጣ ማስረጃ ነው። «የለም» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ «የለም» ለማለት ግን በትክክለኛው ወቅት፣ በትክክለኛው ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። ጥሩ አጥማጅ ይህን ያውቃል። ማጥመጃው ባዶውን ሲመለስ ዓሣ የለም አይልም፤ ሰዓቱን፣ ጥልቀቱንና የፈሳሹን አቅጣጫ ይመረምራል።

ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የጣና ሐይቅ ባርበስ ከሚባሉት ዓሦች ብዙዎቹ በዝናብ ወራት እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ለመራባት ይወጣሉ፤ በወንዞቹ አፍ መረብ የሚጠብቃቸውም ያን ጊዜ ነው። በሌላ ወር ሄዶ የወንዙን አፍ የሚያይ ተመራማሪ ባዶ ውኃ አይቶ ይመለሳል፤ ሪፖርቱንም እንዲሁ ይጽፋል። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ የመስክ ሥራችሁን ስታቅዱ የበጀት ዓመቱን ብቻ ሳይሆን የዓሣውን ዓመት ተከተሉ። የማይታየው ፍጡር ጠበቃ የሚያገኘው በእናንተ መዝገብ ነው።