ጭላዳ ሣር «ለመንቀል ብሎ» ጣቱን አላሳጠረም

ዛሬ እዚህ መንዝ፣ ጓሳ ላይ የተማሪዎች ቡድን ነበር። ይዟቸው የመጣው ሰውዬ «ይህ ጭላዳ ባቡን ነው፤ ሣር ለመንቀል ብሎ ጣቱን አስተካከለ፤ ቆይቶ ደግሞ ወደ ሰው ይለወጣል» ሲላቸው ሰማሁ። ልጆቹም ይጽፋሉ! በአንድ ትንፋሽ ሦስት ስህተት። ተራ በተራ እንሂድ።

1. ጭላዳ ባቡን አይደለም። ባቡኖች ፓፒዮ የሚባለው ወገን ናቸው፤ አዋሽ ፓርክ የምታዩዋቸው አኑቢስና ሐማድርያስ እነሱ ናቸው። ጭላዳ ቴሮፒቴከስ ከሚባለው ወገን ነው። የዚህ ወገን ቅሪተ አካል ከኦሞና ከሐዳር አንስቶ እስከ ኬንያ፣ ደቡብ አፍሪካና እስፔን ድረስ ተገኝቷል። ሌሎቹ ሁሉ ጠፍተዋል። በሕይወት የቀረው አንድ ዝርያ ነው፤ እሱም ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ የትም የለም።

ምደባ በዘር ሐረግ እንጂ በመልክ አይደለም። እዚሁ ጓሳ ያለውን ቀይ ቀበሮ ውሰዱ። መልኩ ቀይ፣ አፈሙዙ ቀጭን ስለሆነ ፈረንጆቹም ለረጅም ጊዜ «የስሜን ቀበሮ» ሲሉት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን የቅርብ ዘመዶቹ ግራጫው ተኩላና የሰሜን አሜሪካው ኮዮቴ መሆናቸውን አሳየ። ቀጭኑ አፈሙዝ የአይጥ አዳኝ መሣሪያ ነው፤ የዝምድና ማስረጃ አይደለም።

2. አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፤ «ለመንቀል ብሎ»። ይህን ነገር ባዮሎጂ ተመርቀው ከሚመጡ ልጆች አፍ ሳይቀር እሰማዋለሁ። እንስሳ ስለፈለገ አይለወጥም። ስለተቸገረም አይለወጥም!

ጭላዳ በአብዛኛው የሚበላው ሣር ነው። ሌባ ጣቱ አጭር በመሆኑ ከአውራ ጣቱ ጋር ጫፍ ለጫፍ ይገጥማል፤ የሣሩን ቅጠል አንድ በአንድ እየለቀመ መዳፉ ውስጥ ያጠራቅማል። ይህ እጅ ከየት መጣ? ከጥንት አባቶቹ መካከል የአንዱ ጣት ከሌላው በጥቂቱ ይለይ ነበር፤ ልዩነቱም ከወላጅ ወደ ልጅ ይወረሳል። ሣሩ በሚሳሳበት በጋ ቶሎ ቶሎ መልቀም የቻለችው እናት ወተቷ አልነጠፈም፤ ልጇ አደገ። ያልቻለችው ያነሰ ዘር ተካች። ይህ በሺህ የሚቆጠር ትውልድ ሲደጋገም፣ ለለቀማ የሚያመቸው ጣት የሁሉም ሆነ። የተለወጠው መንጋው ነው። አንድም ጭላዳ በዕድሜው ዘመን ጣቱን አላሳጠረም።

የሚያስቀው፣ የመንዝ ገበሬ ይህን ከባለዲግሪው በተሻለ ያውቀዋል። የትኛው አውራ በግ ለዘር ይቀመጥ፣ የትኛው መሐል ሜዳ ገበያ ይውረድ የሚለውን ሲመርጥ ነው የኖረው። በጉ «ልግዘፍ» ብሎ ሲገዝፍ ያየ ገበሬ የለም። ዳርዊንም እ.ኤ.አ. በ1859 ያሳተመውን መጽሐፍ የጀመረው ከእርግብና ከቤት እንስሳት አርቢዎች ሥራ ነው። ጓሳ ላይ መራጩ ሰው አይደለም፤ ብርድ፣ ረሃብ፣ በሽታና ነብር ናቸው። ምርጫ ይባላል እንጂ አሳቢ የለበትም።

3. «ወደ ሰው ይለወጣል» ለሚለው፦ አይለወጥም። እኛና እሱ ከ25 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ የጋራ ቅድመ አያት አለን፤ ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም በየራሳችን መንገድ ነው የመጣነው። ዛሬ እየሆነ ያለውን ለውጥ ማየት የሚፈልግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመውን የጭላዳ ዘረመል ጥናት ይመልከት። የስሜኖቹ 44 ክሮሞዞም፣ የመካከለኛው ደጋዎቹ 42 ሆነው ተገኝተዋል። የጓሳዎቹ ከመካከለኞቹ ወገን ናቸው። አጥኚዎቹ ይህ ልዩነት የአዲስ ዝርያ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል ብለዋል። ለተማሪ የሚነገረው ይህ አልነበረም?

ግን ማን ይንገረው? መምህሩ ላብራቶሪ የለው፣ የመስክ ወጪ የሚሸፍንለት የለ። ፈተናው ፊደል ማጥቆር ነው። ልጁ የጋላፓጎስን ወፎች ምንቃር ይሸመድዳል፤ ከመንደሩ በላይ ስለሚግጠው እንስሳ ግን አይጠየቅም። ስለ እንስሳው የተሳሳተ መግለጫ የያዘ ሰሌዳ እንዲታረም ደብዳቤ ጻፍኩ፤ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተባልኩ። የሚመለከተው ክፍል እስካሁን አልተመለከተም። ጭላዳን እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ሩፔል ከአገራችን ሰብስቦ የወሰዳቸውን እንስሳት ማየት ከፈለጋችሁ ፍራንክፈርት፣ ሴንከንበርግ ሙዚየም ሂዱ። የመንዝ ሰው ግን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን ቄሮ በሚባለው የአካባቢው ሥርዓት ዘግቶ፣ ከፍቶ፣ ጠብቆ አቆይቷል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያፈርሰው ያማከረው አልነበረም። ዛሬም እንስሳውን ጠብቆ ላቆየው ሕዝብ ልጆች ትክክለኛ መግለጫ ማድረስ ያቅተናል።

ስህተቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። «ሲቸግረው ይለወጣል» ብሎ ያመነ ሰው ሣሩ ሲታረስም አይደነግጥም፤ ጭላዳው ተለውጦ ይተርፋል ይላል። በቶሎ አይለወጥም። በምርጫ ለመለወጥ እጅግ ብዙ ትውልድ ያስፈልጋል፤ ግጦሹን ለመገልበጥ አንድ ክረምት ይበቃል።

መምህራን፣ አስጎብኚዎች፦ ተማሪ ይዛችሁ ስትመጡ «ሊያደርግ ፈልጎ» የሚለውን ተዉት። «እንዲህ የሆኑት ብዙ ወለዱ» በሉ። ያልገባችሁን ደግሞ ጠይቁ፤ እዚሁ ነን።