ደብረ ሲና ያስተማረችኝ ሒሳብ

ምደባ የደረሳችሁ ጀማሪ መምህራን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ፦ «ጥቂት ዓመት አስተምሬ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ወይም ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ብሻገር፣ ክፍል ውስጥ ያሳለፍኩት ጊዜ ባክኖ ይቀራል?» አይባክንም። እንዲያውም በኋላ የምትሠሩትን ሥራ ሁሉ የሚቃኘው እሱ ነው።

እኔ የጀመርኩት ደብረ ሲና ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚወስደው አስፋልት የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል፤ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ቆሎ ሻጭ ልጆች መስኮቱን ይከብቡታል። አንዳንዶቹ ተማሪዎቼ ነበሩ። ጠዋት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ማባዛት ያስጨነቀው ልጅ፣ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል የሦስት የአራት መንገደኛ መልስ በቃሉ አስልቶ ይሰጣል፤ አንድ ብር አይስትም። ሒሳቡን ያውቀዋል። የከበደው እኛ ያቀረብንበት መንገድ ነው።

በኋላ መምህራን ወደማሠልጠን ስገባ፣ ካራኸር፣ ካራኸርና ሽሊማን የተባሉ ተመራማሪዎች በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ አጥንተው በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ሥራ አገኘሁ። ገበያ ላይ የሚነግዱ 5 ልጆችን ሸቀጣቸውን እየገዙ ሒሳብ ሲጠይቋቸው 98 በመቶውን በትክክል መለሱ። ያንኑ ዓይነት ስሌት በቁጥር ብቻ ጽፈው ሲሰጧቸው ግን ያገኙት 37 በመቶውን ነው። ሳነበው የደብረ ሲና ልጆች ፊት ድቅን አለብኝ። ከዚያ ወዲህ የሒሳብ መማሪያ መጽሐፍ ረቂቅ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምፈልገው ልጁ በረቂቁ ያለውን ስሌት በውሎው የት እንደሚያገኘው ነው። ክፍል ስጎበኝም ከሰሌዳው ይልቅ የኋላ ወንበሮችን አያለሁ።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹም የተመደቡት በመምህርነት ነው። ትምህርትን የሚመራ ሰው ሁሉ እንዲህ ባለ ዓመት ቢያልፍ እመኛለሁ።

ዓመታቱ ግን ብቻቸውን አያስተምሩም። እኔን አንድ አንጋፋ መምህር ከኋላ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። «ልጄ፣ ጠይቀሽ መልሱን ራስሽ አትንገሪያቸው፤ ትንሽ ጠብቂያቸው» ያሉኝን ዛሬ ለሠልጣኞቼ እነግራለሁ። በአገራችን አሠራር ጀማሪ መምህር ለሁለት ዓመት አማካሪ መምህር ተመድቦለት የሙያ ትውውቅ ይወስዳል። ይህ መልካም ነገር በየቦታው ፋይል ወደመሙላት ሲወርድ ማየት ያሳዝነኛል፤ አማካሪውና ጀማሪው ሳይተያዩ ቅጹ ይፈረማል።

ርዕሰ መምህራን፣ አደራችሁን፦ የዘንድሮን የክፍለ ጊዜ ድልድል ስታወጡ ጀማሪውና አማካሪው ቢያንስ በሳምንት አንድ የጋራ ባዶ ክፍለ ጊዜ ይኑራቸው።