ውሃ የማይጠጣ ሞተር

ቮልስ የገዛ ሰው ጋራዥ እንደደረሰ መጀመሪያ የሚያነሳው የቀለም ጉዳይ ነው። መቅደም የነበረበት ግን የአየር ጉዳይ ነው። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ውሃም አይሞላባትም። ከኋላ የተቀመጠው ሞተሯ የሚበርደው ማራገቢያ በሚገፋለት አየርና በሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ብቻ ነው። የመቐለን ያህል ከፍታ ባለው ከተማ ይህን ማወቅ መኪናዋን ማወቅ ነው።

መቐለ ለመኪና ሥራ እንግዳ አይደለችም። ከትግራይ ጦርነት በፊት መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ፔጆ ይገጣጥምባት ነበር። ቮልስ ግን ከዚህ ሁሉ ትቀድማለች። ፈርዲናንድ ፖርሸ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነደፋት፤ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፑኤብላ ፋብሪካ እስክትወጣ ድረስም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። የቤተሰብ መኪና ብትሆንም የስፖርት መኪና ዘመድ ናት። የመጀመሪያው ፖርሸ 356 እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሠራ ሞተሩ ከእሷ የተወሰደ ነበር። በጭቃና በአቧራ የሚታወቀውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድርም እ.ኤ.አ. በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ያሸነፈችው ቮልስ ናት።

ትውውቁ ከሻንሲ ቁጥር ይጀምራል። የኋላ መቀመጫውን ሲያነሱ መሐል ላይ ባለው የብረት ጀርባ ተቀርጾ ይገኛል። የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ከዲናሞው እግር ሥር ነው። ሁለቱን ከሊብሬው ጋር ማመሳከር ግድ ነው፤ ምክንያቱም የቮልስ ሞተር ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ስለሆነ በቀላሉ ይወርዳል፤ በቀላሉም ይለወጣል። እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ አካል ተሸክማ የ1970ዎቹ ሞተር ያላት ቮልስ ብርቅ አይደለችም። 1200 የሚባለው ሞተር 34 የፈረስ ጉልበት፣ የኋለኛው 1600 ደግሞ 50 ስላለው ዕቃ ከመግዛት በፊት የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። መቀመጫው ከተነሳ አይቀር ባትሪውም እዚያው በስተቀኝ ስላለ ከሥሩ ያለው ላሜራ በአሲድ አለመበላቱን፣ የባትሪው ክዳንም መኖሩን ማየት ይገባል። ክዳን ከሌለ የመቀመጫው ሞላ ከባትሪው ጫፍ ጋር ተነካክቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

አሁን ወደ አየሩ። ማራገቢያውን የሚያዞረው ዲናሞውን የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው። ስለዚህ የዲናሞው ቀይ መብራት ሲበራ "ባትሪው ቤት ያደርሰኛል" ብሎ መንዳት ሞተሩን ማቃጠል ነው፤ ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ማቀዝቀዣም የለም ማለት ነው። ወዲያው ቆሞ ማየት ይገባል። ሞተሩን ዙሪያውን የከበቡት ላሜራዎችና የጎማ መዝጊያዎችም ለጌጥ አልተቀመጡም። ከታች ያለው የጋለ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው እንዳይገባ የሚከለክሉት እነሱ ናቸው። ብዙ መካኒኮች ሞተር ሲያወርዱ ጥለዋቸው ይቀራሉ፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ለምን እንደጨመረ ባለቤቱ ግራ ይገባዋል። በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የሦስተኛውን ሲሊንደር አየር ስለሚሻማ፣ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መቐለ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ጉዳቱ ሁለት ነው፦ ጉልበት ይቀንሳል፣ ማራገቢያው የሚገፋው አየርም ይሳሳል። በዚያ ላይ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ የጠቆረች ካንዴላ ይህን ትናገራለች። ትንሽ ጂግለር መግጠም ፍጆታውን ያስተካክላል፤ ከመጠን በላይ ካሳነሱት ግን ሞተሩ ይግላልና በካንዴላው ቀለም እየመዘኑ መሄድ ነው።

ወደ ደቡብ ለሚነዳ ደግሞ የአላጄና የግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ መንገድ ሌላ ትምህርት አለው። ክብደቷ ከኋላ ነው። በአሮጌዎቹ ቮልሶች የኋላ እግሮች በኩርባ ላይ ወደ ውስጥ መታጠፍ ይችላሉ። ኩርባ መሐል ገብቶ ድንገት ነዳጅ መልቀቅ ጀርባዋን ያንሸራትታል። ፍጥነት የሚቀነሰው ከኩርባው በፊት ነው፤ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድ፣ የኋላ ጎማዎችን አየር ከፊቶቹ ከፍ ማድረግም ይረዳል።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የኤክሳይስ አዋጁ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው ቮልስ ብትቃጠል በቀላሉ ምትክ አይገኝላትም። ገንዘቡ በቅደም ተከተል ይውጣ፦ መጀመሪያ ከሞተሩ በላይ የሚያልፈው የቤንዚን ጎማ፤ እሱ ደርቆ ሲሰነጠቅ ቤንዚኑ የሚፈስሰው በጋለ ብረት ላይ ነው። ቀጥሎ አዲስ ቺንጋና ከስኮርታው ጎን የሚቀመጥ መጠባበቂያው፣ መፍቻው ጭምር። ከዚያ ዘይት፤ አብዛኞቹ ከወንፊት በቀር የዘይት ፊልትሮ ስለሌላቸው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሳይዘገይ ይቀየር። ከዚያ የጎማ መዝጊያዎቹ። ቀለሙ የመጨረሻው ወጪ ነው።