ከራስ በላይ ያለው ነፋስ

አዳማ አጠገብ ባሉት ተረተሮች ላይ ነጫጭ ተርባይኖች ተሰድረዋል፤ በአዳማ አንድ 34፣ በአዳማ ሁለት 102። ከሥራቸው የቆመ ሰው ፊቱን ዳሰስ የሚያደርግ ነፋስ ብቻ እየተሰማው፣ ቀና ሲል ግን ክንፎቹ ሲሽከረከሩ ሊያይ ይችላል። የላዩና የታቹ ነፋስ እኩል አይደለም።

ምክንያቱ መሬት ነው። ድንጋዩ፣ ሣሩ፣ ዛፉ፣ ቤቱ የአየሩን ፍጥነት ይቀሙታል። መሬቱን የነካው ስስ አየር ጨርሶ ይቆማል፤ እሱ የበላዩን ይጎትታል፣ ያም የበላዩን። ከፍ ባሉ ቁጥር ጉተታው ይላላል። የፍጥነቱ ጭማሪ በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ፈጣን ነው፣ ወደ ላይ ግን እየቀነሰ ይሄዳል። ከተማና ደን አጥብቀው ይይዛሉ፤ የሐይቅ ወለል እምብዛም።

የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች ነፋስን የሚለኩት እንደ ደንቡ በ10 ሜትር ከፍታ ነው። በተለመደው የገላጣ ሜዳ ስሌት፣ እዚያ በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍሰው ነፋስ 80 ሜትር ላይ 6.7 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋስ ኃይል ስምንት እጥፍ ስለሚሆን፣ በዚህች ጭማሪ ብቻ ኃይሉ 2.4 እጥፍ ይደርሳል። ለረጅም ምሰሶ የሚወጣው ብረትና ገንዘብ የሚካሰው በዚህ ነው።

ክንፉም ቢሆን በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ዓይነት ነፋስ ይገጥመዋል። ምሰሶው 80፣ ክንፉ 40 ሜትር ቢሆን፣ ጫፉ 120 ሜትር ላይ ሲደርስ የሚያገኘው ነፋስ 40 ሜትር ላይ ከሚያገኘው በ17 በመቶ ያህል ይፈጥናል። ክንፉ ሲወጣ እየከበደው፣ ሲወርድ እየቀለለው ለዓመታት ይዞራል። ብረት ባይሰበርም ይደክማል፤ መሐንዲሱን የሚያሳስበው ይህ ነው።

ቀን ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ አየሩ ሽቅብ ቁልቁል እየታመሰ ስለሚቀላቀል ልዩነቱ ይጠባል። ሰማዩ በጠራ ሌሊት ግን ቀዝቃዛው አየር ታች ይተኛል፣ የላዩም ከመሬት ጉተታ ተላቆ ይፈጥናል። ደጅ ቅጠል ሳይነቃነቅ ተርባይኑ በደንብ ሊያመነጭ የሚችለው ያኔ ነው።

እስካሁን ከፍታ ያልነው ከመሬቱ እንጂ ከባሕር ወለል አይደለም። የደጋ አየር ስስ ነው፤ 1,800 ሜትር ላይ ክብደቱ ከባሕር ጠረፉ አየር በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ በእኩል ፍጥነት የሚገኘው ኃይልም እንዲሁ። በተረተር ላይ ደግሞ ነፋሱ ጉብታውን ሲሻገር ስለሚጣበብ መሬቱ አጠገብም ይፈጥናል፤ የሜዳው ስሌት እዚያ ያሳስታል። ስለዚህ ተርባይን ከመተከሉ በፊት ረጅም የመለኪያ ምሰሶ ቆሞ፣ በተለያየ ከፍታ ላይ፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይለካል።