ሞልቶ የሚፈስ ፍሳሽን ማጣራት

ሞልቶ የሚፈስ ፍሳሽን ማጣራት ማለት በከባድ ዝናብ ጊዜ ከቱቦ፣ ከቦይ ወይም ከመጸዳጃ ጉድጓድ አቅም በላይ ሆኖ የሚወጣውን ቆሻሻ ውሃ ወንዝ ከመግባቱ በፊት ከጠጣር ቆሻሻ፣ ከዝቃጭና ከበሽታ አምጪ ተህዋስያን የመለየት ሥራ ነው። ዓላማው ከከተማው በታች ያለውን ወንዝ፣ በወንዙ የሚጠቀመውን ሕዝብና ከብት፣ በውስጡ የሚኖሩትን ፍጥረታት መጠበቅ ነው።

ምክንያቱ

ከተሞች ፍሳሻቸውን በሁለት ዓይነት መንገድ ያስወግዳሉ። በመጀመሪያው፣ ማለትም በጣምራ መስመር፣ የቤት ፍሳሽና የዝናብ ውሃ በአንድ ቱቦ ይሄዳሉ። በሁለተኛው፣ በተለያየ መስመር፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቱቦ አላቸው። ጣምራ መስመር በደረቅ ወራት ሁሉንም ፍሳሽ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ያደርሳል። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ግን ቱቦው ስለሚሞላ ትርፉ በማስተንፈሻ በር በኩል በቀጥታ ወደ ወንዝ ይለቀቃል። በሩ ባይኖር ፍሳሹ ወደ ኋላ ተመልሶ በየቤቱና በየመንገዱ ይወጣ ነበር።

የተለያየ መስመር ያላቸው ከተሞችም ከችግሩ ነፃ አይደሉም። የጣሪያ ውሃ ያለ ፈቃድ ከፍሳሽ ቱቦ ጋር ሲገናኝ፣ በተሰነጠቀ ቱቦ የከርሰ ምድር ውሃ ሲሰርግ፣ ወይም ማንሆል በፌስታልና በጨርቅ ሲደፈን መስመሩ ሞልቶ ይፈስሳል።

የመጠኑን ልዩነት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በ1 ሄክታር መሬት ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 300 ሜትር ኩብ ውሃ ይወርዳል። መሬቱ በቆርቆሮ ጣሪያ፣ በአስፋልትና በኮብልስቶን የተሸፈነ ሆኖ 80 በመቶው ቢፈስስ 240 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ፍሳሽ ያወጣል ቢባል፣ ይህ ከ1,000 ሰዎች የአምስት ቀን ፍሳሽ ጋር ይቀራረባል። ዝናቡ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

ደብረ ብርሃንና የበረሳ ወንዝ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በከተማዋ አጠገብ የሚያልፈው የበረሳ ወንዝ ወደ ጀማ ይገባል፤ ጀማም የዓባይ ገባር ነው። ስለዚህ ከከተማዋ ቦይ የሚወጣ ቆሻሻ በመጨረሻ የዓባይ ተፋሰስ ጉዳይ ይሆናል።

እንደ አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ከተሞች፣ የደብረ ብርሃን አብዛኛው ነዋሪ የሚጠቀመው በጉድጓድ ሽንት ቤትና በሴፕቲክ ታንክ ነው። ስለዚህ እዚህ ሞልቶ የሚፈሰው እንደ ለንደን ያለ ትልቅ ጣምራ ቱቦ ሳይሆን የመጸዳጃ ጉድጓዱና የመንገድ ዳር ቦዩ ነው። በክረምት ጎርፍ ወደ ጉድጓድ ይገባል፣ የጉድጓዱን ይዘት ያነሣል፣ ከዚያም በቦይ ይዞት ይወርዳል። የልብስ ማጠቢያና የወጥ ቤት ውሃም ብዙ ጊዜ የሚለቀቀው ወደዚያው ቦይ ነው። በከተማዋ የብርድ ልብስ፣ የቆዳና የቢራ ፋብሪካዎች ስላሉና የኢንዱስትሪ ፓርክም ስለተሠራ የወንዙ ንጽሕና የነዋሪው ብቻ ሳይሆን የኢንዱስትሪውም ኃላፊነት ነው።

ከከተማዋ በታች ያሉ ገበሬዎች በበረሳ ውሃ አትክልት ያለማሉ፤ ከብትም ያጠጣሉ። ጎመንና ሰላጣን የመሳሰሉ ቅጠላ ቅጠሎች በተበከለ ውሃ ሲጠጡ ተህዋስያኑ በቅጠሉ ላይ ይቀራሉ። አትክልቱም ወደ ከተማዋ ገበያ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ላይኛው ሰፈር የለቀቀው ፍሳሽ ታችኛውን ብቻ ጎድቶ አይቀርም።

የመጀመሪያው ዝናብ

ከፍተኛው ብክለት የሚመጣው ሁልጊዜ በትልቁ ዝናብ ቀን አይደለም። በደረቅ ወራት በመንገድ፣ በጣሪያና በቦይ ውስጥ የተጠራቀመው ቆሻሻ በአብዛኛው የሚታጠበው በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ነው። በዚያን ጊዜ ወንዙ ገና አልሞላም፤ ስለዚህ ቆሻሻውን የሚያቀጥነው ውሃ ትንሽ ነው። በነሐሴ ያው መጠን ያለው ቆሻሻ በሞላ ወንዝ ይቀላቀላል። ስለዚህ ሁሉንም የክረምት ውሃ ለማጣራት አቅም የሌላት ከተማ የበልግና የሰኔን የመጀመሪያ ጎርፍ ብታስቀር ብዙ ጥቅም ታገኛለች።

የማጣሪያ ዘዴዎች

ፍርግርግና ወንፊት፦ በቦይ ወይም በማስተንፈሻ በር ላይ የሚተከል የብረት ዘንግ ወይም ቀዳዳ ያለው ሳህን ነው። ፌስታል፣ ጨርቅና የፕላስቲክ ጠርሙስ ይይዛል። ብሪታንያ ውስጥ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ወንፊት የተለመደ ነው። ወንፊት ተህዋስያንን አያስቀርም። ካልተጸዳም ራሱ ግድብ ሆኖ ውሃውን ወደ ሰፈር ይመልሳል።

አዙሪት መለያ፦ ውሃው ክብ ጉድጓድ ውስጥ በጎን ገብቶ እንዲሽከረከር ይደረጋል። አሸዋና ከባድ ዝቃጭ ወደ መሐል ወርዶ ይሰበሰባል፤ የቀለለው ውሃ ከላይ ይወጣል። የሚንቀሳቀስ ክፍል ስለሌለው ጥገናው አነስተኛ ነው።

ማጠራቀሚያ ታንክ፦ የመጀመሪያውን ጎርፍ ይዞ ያቆየዋል፤ ዝናቡ ሲያባራም ቀስ ብሎ ወደ ማጣሪያ ይለቅቃል። ከላይ በተጠቀሰው 1 ሄክታር ላይ የመጀመሪያውን 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ለመያዝ 80 ሜትር ኩብ ታንክ ያስፈልጋል። ይህም 8 ሜትር ርዝመት፣ 5 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ማለት ነው።

የአሸዋና የሸምበቆ አልጋ፦ ውሃው ሸምበቆ ወይም ፊላ በተተከለበት የአሸዋ ንጣፍ ውስጥ ወደ ታች ይሰርጋል። አሸዋው ደቃቅ ዝቃጩን ይይዛል፤ በአሸዋው ላይ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ብስባሹን ይመገባሉ፤ የተክሉ ሥር ንጣፉ እንዳይደፈን ይረዳል። ጀርመን ይህን ዘዴ በጣምራ መስመሮቿ ላይ በሰፊው ትጠቀምበታለች። የ80 ሜትር ኩቡ ውሃ በ100 ካሬ ሜትር አልጋ ላይ ቢለቀቅ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኖረዋል፤ በአንድ ቀን ገደማም ሊሰርግ ይችላል። ብርድ የባክቴሪያዎቹን ሥራ ያዘገያል። ይሁን እንጂ በደብረ ብርሃን ውርጭ የሚበረታው በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሆን ጎርፉ የሚመጣው በክረምት ስለሆነ ሁለቱ እምብዛም አይገጣጠሙም።

ተህዋስያንን መግደል፦ በክሎሪን ወይም በአልትራቫዮሌት ጨረር ይከናወናል። በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ተህዋስያን ከዝቃጭ ጀርባ ስለሚሸሸጉ ጨረሩ አይደርስባቸውም፤ ክሎሪኑም በዝቃጩ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ይህ ደረጃ የሚመጣው ከማጣራት በኋላ ነው።

የትኛውም ዘዴ ወሰን ስላለው ከታንኩ አቅም በላይ የሆነው ውሃ የሚወጣበት መትረፊያ መኖር አለበት። በመትረፊያው ላይም ቢያንስ ወንፊት ይተከላል።

በአዲስ አበባና በሌላው ዓለም

የአዲስ አበባ ዘመናዊ የፍሳሽ መስመርና የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ ሥራ የጀመሩት በ1970ዎቹ ነው። ጣቢያው መጀመሪያ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ታስቦ ነበር፤ በ2010ዎቹ በተደረገው ማስፋፊያ አቅሙ ወደ 100,000 ሜትር ኩብ ደርሷል። ይሁንና ከመስመሩ ጋር ካልተገናኙ ቤቶች የሚወጣው ፍሳሽ በክረምት ወደ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ይገባል። ሁለቱ ወንዞች ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳሉ።

በለንደን እ.ኤ.አ. በ1858 የቴምዝ ወንዝ ግማት ፓርላማውን እስከማስጨነቅ በመድረሱ፣ መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት ትላልቅ ጣምራ መስመሮችን ሠራ። ከተማዋ ስታድግ እነዚሁ መስመሮች በዝናብ ጊዜ ወደ ቴምዝ የሚለቅቁት ፍሳሽ እየበዛ ሄደ። ትርፉን ለመያዝ 25 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ ከወንዙ ሥር ተቆፍሮ እ.ኤ.አ. በ2025 ሙሉ በሙሉ ተገናኝቷል።

ሕግና ጥገና

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከተፈቀደው መጠን በላይ ብክለት ወደ አካባቢ መልቀቅን ይከለክላል። በተግባር ግን ውጤቱን የሚወስነው ጥገና ነው። ቦይና ፍርግርግ ከሰኔ በፊት ካልተጠረጉ፣ የሞሉ ሴፕቲክ ታንኮች ከዝናቡ በፊት በመምጠጫ መኪና ካልተነሡ፣ የተነሣውም ዝቃጭ በተዘጋጀለት ቦታ ካልተደፋ ማጣሪያው ብቻውን ወንዙን አያድንም። የጣሪያ ውሃን በበርሜል ማጠራቀም፣ አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር አፉን ከመሬት ከፍ አድርጎ መሥራትና በዙሪያው የጎርፍ መቀልበሻ ማበጀት ደግሞ እያንዳንዱ ቤት በትንሽ ወጪ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ናቸው።