ደራሲ የፈረመባቸው አሮጌ መጻሕፍት

በአገራችን አንድ ደራሲ መጽሐፉን ለወዳጁ ወይም ለአንባቢው ሲያበረክት በመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ የተቀባዩን ስም፣ አጭር የመታሰቢያ ቃል፣ ቀንና ፊርማ ማኖሩ የቆየ ልማድ ነው። ይህ የእጅ ጽሑፍ አንዱን ቅጂ ከሌሎቹ ሁሉ ይለየዋል፤ መጽሐፉ በደራሲው እጅ ማለፉን ይመሰክራልና። ይሁን እንጂ ምስክር ሁሉ እውነተኛ አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለው መጽሐፍ ከመሸጡ ወይም ከመገዛቱ በፊት ሦስት ነገሮች በቅደም ተከተል ሊታወቁ ይገባል። እነርሱም የፊርማው እውነተኛነት፣ የመጽሐፉ ደረጃና ተገቢው ዋጋ ናቸው።

ጉዳዩ ነጋዴዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከአዲስ አበባ በሚወጣው የጅማ መንገድ በምትገኘው በሰበታ፣ በአምቦው መንገድ በምትገኘው በቡራዩ ወይም በጎጃሙ መንገድ በምትገኘው በሱሉልታ በአንድ ቤት ውስጥ ከአያት የቀሩ መጻሕፍት በሣጥን ተቀምጠው ሊገኙ ይችላሉ። ቤት ሲጸዳ እነዚህ መጻሕፍት ሳይገለጡ ለቁራሌው ቢሸጡ ወይም ለሱቅ መጠቅለያ ቢሰጡ የሚጠፋው ተራ ወረቀት ብቻ አይሆንም፤ ዳግመኛ የማይገኝ የእጅ ጽሑፍም አብሮ ይጠፋል።

ሀ. ፊርማን ስለ መመርመር

የመርማሪው የመጀመሪያ መሣሪያ የዘመን አቆጣጠር ነው። መጽሐፉ የታተመበት ዓመት፣ ፊርማው የተጻፈበት ቀንና የደራሲው የሕይወት ዘመን እርስ በርሳቸው መስማማት አለባቸው። ለምሳሌ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» መጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን ደራሲው ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። ስለሆነም ከ1958 በፊት ወይም ከ1996 በኋላ ባለ ቀን በዚህ መጽሐፍ ላይ «የሐዲስ ዓለማየሁ ፊርማ» ቢገኝ ሐሰተኛ ነው።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከዚህ ይበልጥ ጠባብ ዘመን አለው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. የደረሰበት ሳይታወቅ ጠፋ። እንግዲህ በ«ኦሮማይ» ላይ እውነተኛ ፊርማ ሊያርፍ የሚችለው በእነዚህ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ በታተሙት ቅጂዎች ላይ የሚታይ «የበዓሉ ፊርማ» ምንም ያህል ቢያምር የደራሲው ሊሆን አይችልም። በአንጻሩ በመጀመሪያው እትም ላይ የሚገኝ እውነተኛ ፊርማ በዋጋ ብቻ የሚገመት አይሆንም፤ አንድ ሰው ከመጥፋቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በእጁ የተወው ምልክት ነውና።

ሁለተኛው ምስክር ቀለሙ ነው። ባለ ኳስ ጫፍ እስክሪብቶ በዓለም ገበያ የተስፋፋው ከ1930ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ግን በ1931 ዓ.ም. በስደት እንዳሉ በእንግሊዝ አገር አርፈዋል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ እስክሪብቶ የተጻፈ «የኅሩይ ፊርማ» ራሱን በራሱ ያጋልጣል።

ሦስተኛው የእጁ አካሄድ ነው። ሰው የገዛ ስሙን ሲጽፍ እጁ ሳይጠራጠር ይፈጥናል። ከሌላ ወረቀት ላይ የተቀዳ ፊርማ ግን ይንቀጠቀጣል፤ መቆም በማይገባው ቦታም ይቆማል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ከጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ በማተሚያ የወጣ እንጂ በእጅ የተጻፈ አይደለም። ከዚህም ጋር ፊርማውን እውነተኛነቱ ከታወቀ ሌላ ጽሑፍ ጋር ማስተያየትና መጽሐፉ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለ. ደረጃ ስለ መመደብ

የፊርማው እውነተኛነትና የመጽሐፉ ደኅንነት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በውጭው ዓለም ይህን ሥራ ወደ ተደራጀ ሙያ ካደረሱት መካከል በተከታታይ ሥዕል ታሪክ የሚነገርባቸውን «ኮሚክ» የተባሉ መጻሕፍት የሚሰበስቡ ሰዎች ይገኙበታል። በአሜሪካ በ1992 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ሲ.ጂ.ሲ. የተባለው ድርጅት እያንዳንዱን ቅጂ መርምሮ ከ0.5 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። ፊርማን የሚያረጋግጥበት ዋነኛ መንገድም ፈራሚው ሲፈርም ምስክር በቦታው እንዲገኝ ማድረግ ነው። በ1930 ዓ.ም. በ10 ሳንቲም ይሸጥ የነበረው «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1፣ 8.5 ነጥብ ያገኘው አንድ ቅጂው በ2016 ዓ.ም. በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

እኛም በጥቂት መመዘኛዎች ልንሠራ እንችላለን። ሽፋኑ አልተገነጠለምን? የጥራዙ ጀርባ አልተሰነጠቀምን? ገጾቹ አልጎደሉምን? እርጥበት፣ ምስጥ ወይም አይጥ አልነካውምን? በዚህ መሠረት መጽሐፉን «እጅግ ደህና»፣ «ደህና»፣ «መካከለኛ» ወይም «የተጎዳ» ብሎ መመደብ ይቻላል። የተቀደደን ገጽ በፕላስተር መለጠፍ፣ የደበዘዘን ፊርማ በአዲስ ቀለም ማድመቅ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የመጀመሪያው ወረቀቱን ያበላሻል፤ ሁለተኛው እውነተኛውን ፊርማ ሐሰተኛ ያስመስለዋል።

ሐ. ስለ ዋጋና ስለ ሽያጭ

ዋጋ በአራት ነገሮች ይወሰናል፤ በእትሙ፣ በቅጂው ብርቅነት፣ በደረጃውና በፊርማው። እትሙን ለማረጋገጥ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በተለምዶ ወመዘክር የሚባለው፣ መልካም ማመሳከሪያ ነው። ሻጩ ከአንድ ነጋዴ ብቻ ዋጋ ሰምቶ መወሰን የለበትም። ሲሸጥም ጉድለቱን ሳይደብቅ በጽሑፍ ይግለጥ፤ ለምሳሌ፦ «የመጀመሪያ እትም፤ ደረጃው መካከለኛ፤ የኋላ ሽፋኑ ጥግ ተቀዷል፤ በመጀመሪያው ገጽ በጥቁር ቀለም የተጻፈ መታሰቢያና ፊርማ አለበት፤ ከአያቴ የወረስሁት ነው»። ያልተረጋገጠውንም «አልተረጋገጠም» ማለት ይገባል። አንድ ጊዜ ሐሰተኛ ፊርማ የሸጠ ሰው በኋላ እውነተኛውን ይዞ ቢመጣ የሚያምነው አያገኝም።

የማይሸጥም አለ። የትምህርት ቤት ወይም የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያለበት መጽሐፍ በደንብ መወገዱ ካልታወቀ ለባለቤቱ ይመለሳል። የብራና መጻሕፍትም ቅርስ ናቸውና በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ይመለከታቸዋል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው።

ባጭሩ፣ ፊርማ ምስክር ነው። ምስክር ይመረመራል፤ ከተመረመረ በኋላ ይታመናል፤ ዋጋ የሚወጣው ከዚያ ወዲያ ነው።

መልመጃ

1. የፊርማ ምርመራ ከዋጋ በፊት የሚቀድመው ለምንድን ነው?
2. በ1977 ዓ.ም. ቀን የተፈረመ «ኦሮማይ» ቢቀርብልህ ምን ትፈርዳለህ? ምክንያትህን አስረዳ።
3. የሚከተሉትን ቃላት በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግባ፦ እትም፣ ቅጂ፣ ጥራዝ፣ ማኅተም።
4. በቤትህ ወይም በትምህርት ቤትህ የሚገኝ አንድ አሮጌ መጽሐፍ መርምረህ እትሙን፣ ደረጃውንና ጉድለቱን የሚገልጥ አንድ አንቀጽ ጻፍ።