ስለ ሰውነት መገርጣት

በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ አንዲት ሴት ፊቷ ሲገረጣ፣ አንዷ «ብርድ መቷት ነው»፣ ሌላዋ «ዓይን ነው» ትላለች። እኛ ግን አስቀድማችሁ ደሟን እንድትመለከቱላት እንመክራለን። ደም ቀይ የሚሆነው ከምግብ በሚገኝ የብረት ማዕድን ነው፤ ይህ ሲጎድል ሰውነት ይገረጣል፤ የደም ማነስ የምንለውም ይኸው ነው።

ጠይም ፊት መገርጣቱን ቶሎ አያሳይም። ስለዚህ በቀን ብርሃን ደጅ ላይ አስቀምጣችሁ የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርጉና ውስጡን እዩ። ቀይ መሆን ሲገባው ከነጣ፣ መዳፏም ከእናንተ መዳፍ ጋር ሲተያይ ከነጣ፣ ደሟ ሳያንስ አይቀርም። ጀሪካን ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ልቧ ድው ድው ይላል፣ ቶሎ ቶሎም ታርፋለች። አፈር የሚያምራት ነፍሰ ጡር ብትኖር አትሳቁባት፤ ብዙ ጊዜ ከደም ማነስ ጋር የሚመጣ አምሮት ነው።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ልጅ በልጅ ላይ መውለድ ደም ይጨርሳል። ለአረም ወይም ለአጨዳ ወደ ጃዊ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ከገረጣ ወባ ሊሆን ይችላል፤ ይመርመር። መንጠቆ ትል ደግሞ ዝናብ በሚበዛበት አገር የታወቀ ጠላት ነው። ሰገራ በየጓሮው ሲጣል የትሉ እጭ በርጥቡ አፈር ያድጋል፤ በባዶ እግር የሚሄደውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ከአንጀት ተጣብቆ ደሙን ይመጣል። መጸዳጃ ጉድጓድና ጫማ የደም መድኃኒት ናቸው ብንል አላጋነንም።

ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ሲገኝም ሥጋ ይብሉ፤ ጎመኑ ላይ ሎሚ ቢጨመቅ ብረቱ በሰውነት የበለጠ ይዋሐዳል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ግን ብረቱን ያስቀራሉ። ቡና ተዉ አንልም፣ ማን ይሰማናል! ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል አርቁት እንጂ።

ነፍሰ ጡር ከጤና ኬላ የሚሰጣትን የብረት ክኒን ሳታቋርጥ ትዋጥ። ሰገራዋ ቢጠቁር አትደንግጥ፣ ከክኒኑ ነው። ልጆች እንዳያገኙት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ብዙ ከዋጡ ይገድላቸዋል።

ደሟ ያነሰ እናት በወሊድ ጊዜ ሌላዋ የምትችለውን መድማት አትችለውም። ስለዚህ የገረጣች ነፍሰ ጡር ቤት አትውለድ። ተቀምጣ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥራት ወይም መዳፉ ፈጽሞ የነጣ ሕፃን ካለ፣ ገበያ እስኪደርስ ሳትጠብቁ ያን ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ።